የአንባቢያን ጥያቄ፦ ማጅራት ገትር መስማት ላሳጣት ልጅ ምን ይቅደም?

ጥያቄ፦ ልጃችን በ3 ዓመቷ በማጅራት ገትር ታማ ከዳነች ወዲህ አትሰማም። ከጆሮዋ ጀርባ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ ብንገዛላትም ስንጠራት አትዞርም፤ መሣሪያውም ያፏጫል። አሜሪካ ያለችው አክስቷ በቀዶ ሕክምና የሚገጠም ኮክሌር ኢምፕላንት አለ ትላለች። የምልክት ቋንቋ ትምህርት ቤት እናስገባት ስንል ግን ዘመዶቻችን «አፏን የፈታች ልጅ ጭራሽ መናገር ትተዋለች» ብለው ይከለክሉናል። ምን ይመክሩናል? (አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ የፉጨቱ መፍትሔ ቀላል ነው። በጆሮዋ ልክ ተቀርጾ የተሠራው ጫፍ ልጅቷ ስታድግ ያንሳታል፤ በክፍተቱ የሚወጣው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ሲመለስ ያፏጫል። በዚህ ዕድሜ ጫፉን በየጥቂት ወሩ ማስለወጥ የተለመደ ነው።

አለመዞሯ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ድምፅን ከማጉላት ያለፈ ሥራ የለውም፤ ድምፁን ተቀብለው ለነርቭ የሚያስተላልፉት የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት በበሽታው ሞተው ከሆነ የቱንም ያህል ቢጎላ አይጠቅማትም። (በር በኃይል ሲዘጋ መዞሯ አያታልልዎ፤ ንዝረቱ በወለሉ በኩል ይደርሳታል።) ኮክሌር ኢምፕላንት እነዚህን ሕዋሳት አልፎ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍል በሚገባ ቀጭን ሽቦ አማካይነት የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። በእርስዎ ልጅ ላይ የሚያስቸኩለው ከማጅራት ገትር በኋላ ይህ ክፍል በአጥንት ሊሞላ መቻሉ ነው፤ ከሞላ ሽቦውን ማስገባት እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ የገንዘቡ ነገር ገና ባይወሰንም፣ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ዘንድ ወስደው የመስማት ምርመራ፣ እንዲሁም የውስጥ ጆሮዋን የሚያሳዩት ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ እንዲታዘዙላት ይጠይቁ። ቀዶ ሕክምናው ውጭ አገር የሚደረግ ከሆነ ደግሞ መሣሪያውን በየጊዜው የሚያስተካክልላት ባለሙያ የት እንደሚገኝ፣ ከጆሮ ውጭ የሚደረገው የመሣሪያው ክፍል ሲበላሽ በማን ወጪ እንደሚተካ ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ።

የዘመዶችዎ ስጋት መሠረት የለውም። ልጅቷ የሚያሰጋት ለወራት ያለ ምንም ቋንቋ መቀመጧ ነው፤ በ3 ዓመቷ የነበሯት ቃላት ካልሰማቻቸው እየጠፉ ይሄዳሉ። ቀዶ ሕክምናው ቢሳካ እንኳ አዲሱን ድምፅ ለይታ እስክትረዳ ረጅም የንግግር ልምምድ ያስፈልጋታል፤ የውጪው ክፍል ለመኝታ ሲወልቅም አትሰማም። እኔ ብሆን ውጤቱን ሳልጠብቅ ምልክት ቋንቋ አስጀምራታለሁ፤ እናንተም አብራችኋት ተማሩ። በአዲስ አበባ መካኒሳና በሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ይሁን እንጂ በዚህ ዕድሜ ከቤት ከማራቅዎ በፊት በከተማችሁ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ስለ ልዩ ፍላጎት ክፍሎች ይጠይቁ። ክፍሉን ሲጎበኙ መምህሩ ከልጆቹ ጋር በምልክት አቀላጥፎ ይነጋገር እንደሆነ፣ ወይስ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ብቻ ያስገለብጣቸው እንደሆነ ልብ ብለው ይመልከቱ።