ኦንላይን ቤተ መጻሕፍት ለጥናት ይታመናል? ጥያቄና መልስ

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካታሎግ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ የያዛችሁ ጠይቁኝ።

ጋሼ፣ አንዱ ካታሎግ መጽሐፉ በ1958 ታተመ ይላል፣ ሌላው 1966 ይላል። የቱን ልያዝ?

ምናልባት ሁለቱም ልክ ናቸው። 1958 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በፈረንጅ 1965 ነው፣ ከዚያ ወዲያ 1966። ችግሩ የውጭ ካታሎጎች አንዳንዴ የርዕስ ገጹ ላይ ያዩትን ቁጥር እንዳለ ይገለብጡታል። «ዓ.ም.» የምትለዋ ስትወድቅ መጽሐፉ ባንዴ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል።

ቀልድ እንዳይመስልህ። አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ 1958 ይዞ፣ ደራሲው የታኅሣሡን ግርግር አስቀድሞ ተንብዮታል ብሎ ሦስት ገጽ ጽፎ አመጣልኝ። ግርግሩ የሆነው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1960 ነው። ካታሎጉን ካመንክ መጽሐፉ ሁለት ዓመት ይቀድማል። የርዕስ ገጹን ካየህ አምስት ዓመት ይዘገያል። ነቢይ የተባለው ሰውዬ ያለፈ ነገር ነው የጻፈው።

ስለዚህ የርዕስ ገጹን ፎቶ ሳታይ ዓመት አትጥቀስ። ስትጠቅስም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በል።

ስፈልግ ምንም አይመጣልኝም። መጽሐፉ የለም ማለት ነው?

አይደለም እህቴ፣ ፊደሉ ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ ለኛ አንድ ናቸው፤ ለብዙ የፍለጋ ሣጥኖች ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት። ሥላሴን በሠም በሰም ሞክሪ። ውጭ አገር ያለ ካታሎግ ከሆነ ደግሞ ስሙ በላቲን ፊደል ነው የገባው፤ ጣሊያኑ በራሱ ጆሮ፣ ጀርመኑ በራሱ ጆሮ ጽፎታል። ምኒልክ ብቻ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቢ።

የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ወደ ፊት መምጣቱም አለ። ይባስ ብሎ ወልደ ኪዳንን ለሁለት ቆርጠው «ኪዳን፣ ወልደ» ያሉበት ካርድ አይቻለሁ። «አላገኘሁም» ከማለትሽ በፊት በርዕስም፣ በማተሚያ ቤትም ፈልጊ።

ከስካን ፒዲኤፍ ጽሑፉን ኮፒ አድርጌ ብጠቅስስ?

ምስሉን እያየህ በእጅህ ጻፈው። ከምስሉ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ያነበበው ማሽን ነው፤ በተለይ የድሮ ኅትመት ላይ አንዷን ቅጥያ ሲስት ቃሉ ሌላ ይሆናል። ምስሉም ራሱ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ አንዳንድ የዜሮክስ ስካነሮች ሰነድ ሲያነሡ 6ን በ8 እንደሚተኩ አሳይቷል። ገጹ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ቁጥሩ ግን የተቀየረ ነው። ሠንጠረዥ ከሆነ ድምሩን ራስህ ደምር።

ትልልቆቹስ? ብሪቲሽ ላይብረሪን የመሰለው?

ትልቅነት ከመጥፋት አያድንም። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ተመታ። ካታሎጉ በጥር 2024 በከፊል ተመለሰ፤ ዲጂታል የተደረጉት ብራናዎች ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አልተከፈቱም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት ብራናዎቻችን ብዙዎቹ እዚያ ነው ያሉት። ብራናው ለንደን፣ ምስሉም ለንደን፤ አዲስ አበባ ያለው ተማሪ «ገጹ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ እያየ ተቀመጠ።

ብራና ላይ የምትሠሩ በአንድ ቦታ አትመኩ። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ የተነሡት በሺዎች የሚቆጠሩ የአገር ቤት ብራናዎች አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት በኩል ይገኛሉ። የምትፈልጉት ጽሑፍ ሌላ ቅጂ እዚያ ሊኖር ይችላል።

ሊንክ ብቻ ብጠቅስ አይበቃም?

አይበቃም። የሐርቫርድ ሰዎች የራሳቸውን የሕግ መጽሔቶች ሲፈትሹ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊንኮች ወደተጠቀሰው ነገር አያደርሱም ነበር። የመደብ ቁጥሩን (ቤተ መጻሕፍቱ ለመጽሐፉ የሰጠውን መለያ)፣ ገጹን ወይም የብራናውን ቅጠል፣ ያየህበትን ቀን ጻፍ፤ ፋይሉን አውርደህ አስቀምጥ።

ያ ተማሪ ምን ሆነ?

ሦስቱን ገጽ ሰርዞ ተመረቀ። እኔም ለካታሎጉ ባለቤቶች ሁለት ጊዜ ኢሜይል ጻፍኩ። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ አየሁት፤ አሁንም 1958 ይላል።