የሩዝ ዘር እንቅልፍና ዕድሜ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሩዝ ዘር መቼ እንደሚበቅል የሚወስን ዘረ መል አለ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ብቻውን የሚወስን የለም፤ ጎልቶ የሚጠቀሰው ግን በሰባተኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው፣ ማንነቱም በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ኤስዲአር4 ነው። የተለየውም እንቅልፉ (ማለትም ዘሩ በሕይወት እያለ ውሃ ቢያገኝም ለጊዜው አለመብቀሉ) የጠለቀውን ካሳላት የተባለ ዝርያ በቀላሉ ከሚበቅለው ኒፖንባሬ ከተባለው የጃፓን ዝርያ ጋር በማዳቀልና ተወላጆቻቸውን በመመርመር ነው።

ጥያቄ፦ ተዘርቶ የማይበቅል ዘር ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ሩዙ ደርሶ ሳይታጨድ ዝናብ ሲደጋገምበት፣ እንቅልፍ የሌለው ዘር ገና ዛላው ላይ እያለ ገለባውን ሰንጥቆ ነጭ ጫፍ ያወጣል፤ ያን ጊዜ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር መፍረስ ስለሚጀምር እህሉ ለምግብም ለዘርም ይበላሻል። በአንጻሩ እንቅልፉ ከልክ ካለፈ፣ አጭዶ ወዲያው ሊዘራ ያሰበ ገበሬ ማሳው ወጥ ሆኖ አይበቅልለትም። በእኔ አስተያየት አዳቃዮች ሊፈልጉት የሚገባው መካከለኛውን ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው እንቅልፉ የጠለቀ ዘር በመጋዘንም ብዙ ዓመት ይቆያል ማለት ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተኛ ዘር በሕይወት አለ፤ ውሃ ቢያገኝም ለጊዜው አይበቅልም። ያረጀ ዘር ግን ሽሉ ስለተጎዳ መብቀል አይችልም። ሁለቱንም እርጥብ ወረቀት ላይ ቢያስቀምጧቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይለዩም። ለመለየት ደረቁን ዘር በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለአምስት ቀናት ያህል አቆይቶ እንደገና መሞከር የተለመደ ነው፤ የተኛው ይነቃል፣ የሞተው ይሻግታል።

ዕድሜን የሚነኩት ዘረ መሎችም በአመዛኙ ሌሎች ናቸው። ፒአይኤምቲ1 የሚያስገኘው ኢንዛይም በእርጅና የተዛቡ ፕሮቲኖችን ስለሚጠግን ዘሩን ያቆየዋል። የሎክስ3 ሥራ ተቃራኒ ነው፤ ኢንዛይሙ በዘሩ ውስጥ ያለውን ስብ ከኦክሲጅን ጋር እያዋሐደ የቆየ ሩዝ የሚሸተውን ሽታ ያመጣል፣ ሥራው ሲዳከምም ዘሩ የመብቀል ኃይሉን ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ዳው ዳም የተባለው የታይላንድ ሩዝ ይህ ኢንዛይም በተፈጥሮው የለውም።

ጥያቄ፦ ጥሩ ዘረ መል ያለው ዝርያ ከተገኘ ማድረቅና ማቀዝቀዝ ይቀራል?

መልስ፦ አይቀርም። በዘር አያያዝ የታወቀው የሃሪንግተን ሕግ፣ የእርጥበቱ መጠን ከ14 በመቶ ወደ 5 በመቶ ሲወርድ በእያንዳንዱ አንድ በመቶ የዘሩ ዕድሜ በግምት እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል። ስለዚህ ከ14 ወደ 10 በመቶ የደረቀ ዘር ዕድሜው ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። የሙቀቱ መጠን በአምስት ዲግሪ በቀነሰ ቁጥርም እንዲሁ እጥፍ ይሆናል። በፊሊፒንስ ሎስ ባኞስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ከ130,000 በላይ የዘር ናሙናዎችን ሲይዝ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጡትን፣ ዘረ መላቸው ምንም ይሁን ምን፣ አድርቆ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ያኖራቸዋል።