ለገሀርን ሥሎ መኖር ይቻላል ወይ?

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» እያልክ ነው የጻፍከው። አቦ፣ ድሬ ላይ «አንቱ» መባባል ከመቼ ወዲህ ነው? በሚቀጥለው «አንተ» በለኝ።

ለሌሎች አንባቢዎች ጉዳዩን ላሳጥረው። ልጁ ዘንድሮ በአካውንቲንግ ይመረቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ ይሥላል፤ ደብተሩ በለገሀር ባቡር ጣቢያ፣ በከዚራ ሰፈር ጥላና በረንዳ፣ በመጋላ ሰፈር ሱቆች የተሞላ ነው። አንድ የሆቴል ባለቤት «ለእንግዳ መቀበያዬ ታሪካዊ የሆነ ነገር ሣልልኝ» ብሎታል፤ ዋጋ ግን አልተነጋገሩም። አባቱ ባንክ እንዲገባ ይፈልጋሉ። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ይህ ሥራ እንጀራ ይሆናል ወይ፣ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ ወይ፣ ቦታዎቹን ለመሣል ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ። እኔ የወደድኩት ግን መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጋትን ነው፦ «ለገሀርን ያልሣለ የለም፣ እኔ ምን ልጨምር?» ከዚችው ልጀምር፤ የገንዘቡም ጉዳይ የተንጠለጠለው እዚች ላይ ነው።

እውነትህን ነው፣ የለገሀርን ፊት ሁሉም ሥሎታል። ገዢ አንተን ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ካጣ የሚለይህ በዋጋ ነው፤ በዋጋ መራከስ ደግሞ ሰዓሊን አክስሮት እንጂ አበልጽጎት አያውቅም። ስለዚህ ፊቱን ለፖስትካርድ ተወውና በጓሮ ግባ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ይህቺ ከተማ ገና ከተማ አልነበረችም፤ ሀዲዱ ነው የወለዳት። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬ ስለነበረች፣ ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ እዚህ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። እስቲ ያንን ሥዕል አስበው፦ ብረቱ የሚያበቃበትና ግመሉ የሚጀምርበት ቦታ። ሆቴል ግድግዳ ላይ አይቼው አላውቅም።

የምድር ባቡርን ወርክሾፕም በፈቃድ ገብተህ እይ። መለዋወጫ ሲጠፋ ራሳቸው እየቀረጹ ባቡሩን ያቆዩ ሰዎች የሠሩበት ቤት ነው። ቶርኖውን (የብረት መቅረጫ ማሽኑን)፣ መዶሻውን፣ በዘይት የጠቆረውን ወለል ሣል። ከዚያ ጡረተኞቹን ፈልግ፤ ብዙዎቹ ዛሬም ሰላምታቸው ውስጥ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ። (ለእነሱ «አንቱ» በል፣ የቅድሙ ነገር እዚህ አይሠራም።) «ታሪኩን ይንገሩኝ» ካልካቸው ለጋዜጠኛ የለመዱትን ይነግሩሃል። «ፉርጎ ሲያያይዙ እጅዎን የት ነበር የሚያኖሩት?» ብለህ ጠይቃቸው። ያኔ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ አንዱን እጅ ወደ ላይ ሌላውን ወደ ጎን ዘርግተው ያሳዩሃል። እሱን ነው የምትሥለው። ስማቸውን በፈቃዳቸው ከሥዕሉ ሥር ጻፍ፣ የሥዕሉንም ፎቶ አሳትመህ ስጣቸው። የደቻቱን ወንዝ ከሣልክ ደግሞ በ1998ቱ ጎርፍ ሰው ያጣ ቤተሰብ ሥዕሉን ሊያየው እንደሚችል እያሰብክ ሣል፤ ያ ወንዝ ለብዙ ሰው መልክዓ ምድር ብቻ አይደለም።

አሁን ደግሞ ሰዓሊ ሆነህ ሳለ በደብዳቤህ ውስጥ አለማንሳትህ የገረመኝ ቦታ። ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ሁለት ፈረንሳዮች፣ ተመራማሪው ቄስ ተያር ደ ሻርዳንና ደራሲው አንሪ ደ ሞንፍሬ ናቸው ለጥናት ዓለም ያስተዋወቁት። ከዚያ ከተቆፈረው ውስጥ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ፣ ከ4 ሺህ ቁራጭ በላይ የሆነ ቀለም የሚሰጥ ድንጋይ ተገኝቷል፤ ኦከር የሚሉት፣ ቀይና ቢጫ የሚያወጣው። የተፈጨበት ድንጋይም አብሮ ተገኝቷል፣ ቀለሙ ሳይለቀው። ዕድሜው ወደ 40 ሺህ ዓመት ይገመታል። ባጭሩ፣ አንተ ቀለም ተወደደብኝ በምትልባት ከተማ ጥግ ላይ በዚያ ዘመን ሰዎች ቁጭ ብለው ቀለም ሲፈጩ ነበር።

ከዚህ አዲስ ሥራ ማውጣት ይቻላል። ከዋሻው አፈር አትንካ፣ ነውርም ወንጀልም ነው። ለመንገድ ወይም ለቤት መሠረት ሲቆፈር የሚወጣውን ቀይና ቢጫ አፈር ሰብስብ፣ ፍጨው፣ በቀጭን ወንፊት ንፋው፣ በሙጫ ውሃ ለውሰው። አንዱ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ይረግፋል፤ ሙጫውን እያበዛህ እያሳነስክ ሞክር፣ እያንዳንዱን የሙከራ ወረቀት ከየት እንዳመጣኸው ጽፈህበት አስቀምጥ። ከጥቂት ወራት በኋላ በድሬ አፈር ብቻ የተሠራ የድሬ ሥዕል ይኖርሃል። ይሄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለገዢ የሚነገር ነገር ነው፣ ማንም ደግሞ በቀላሉ አይቀዳብህም። ከድሬ ወጣ ብሎ ያለው ለጋ ኦዳ ሄደህ የጥንቶቹን የዋሻ ሥዕሎች ካየህ አንድ አደራ፦ ቀለሙ ጎላ ብሎ ፎቶ እንዲነሣ ብለህ ውሃ እንዳትረጭበት። አስጎብኚው ልርጭልህ ቢል እንኳ እምቢ በል።

ሐረርም ሰዓት ያህል መንገድ ነው፣ ባዶ እጅህን ግን አትመለስ። ጀጎል ውስጥ ባህላዊው የሐረሪ ቤት ገብተህ ነደባዎቹን (ከፍ ብለው የተሠሩትን የመቀመጫ መደቦች) እይ፤ ቀይ ቀለማቸው በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ከአፈር ቀለም ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ርእስ ከየት ይመጣል? በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም ሳታይ አትውጣ። ሰውየው በገዛ ቤታቸው የጀመሩት ስብስብ ነው ሙዚየም የሆነው፤ የጥንቱን የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያም መልሰው አንሥተውታል። የሙያ አማካሪ ነኝና ከማንኛውም የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ይልቅ እዚያ የሚጠፋ ግማሽ ቀን ይሻልሃል እላለሁ። የሰፌዱንና የስፌቱን ንድፍ ግን እንዳለ ገልብጠህ «የእኔ ዲዛይን» እንዳትል። ባለሙያዋ አለች፣ ስም አላት፤ አብራችሁ ሥሩ፣ ገንዘቡንም ተካፈሉ።

ፈቃድን በተመለከተ፣ መንገድ ላይ ተቀምጠህ ሕንፃ ስትሥል ቢበዛ አንድ ዘበኛ መጥቶ ይጠይቅሃል። ወርክሾፑ ውስጥ፣ መስጊድ፣ አዋች (የሐረር የቅዱሳን መካነ መቃብር)፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም የሰው ቤት ከሆነ ግን ቀድመህ አስፈቅድ፤ ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የትብብር ደብዳቤ ብትይዝ ብዙ በር ይከፈትልሃል። በራሱ በቅርሱ ግድግዳ ላይ መሣል፣ መለጠፍ ወይም «ላድሰው» ማለት ሌላ ጉዳይ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እዚያ ላይ ቀልድ አያውቅም።

ወደ ሆቴሉ እንምጣ፣ ምክንያቱም እጅህ ላይ ያለው ሥራ እሱ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሠዓሊውን ይጠብቃል፤ ሥራህ ሳይመዘገብም መብትህ አለ፣ በሕይወትህ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት። ነገር ግን ብዙ ልጆች የማያውቋት አንዲት አንቀጽ አለች፦ ሥራው በትእዛዝ የተሠራ ከሆነና በውል ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ፣ የመብቱ የመጀመሪያ ባለቤት የሚሆነው ያዘዘው ሰው ነው። ማለትም በቃል ተስማምተህ ሥለህ ካስረከብክ፣ ነገ ሥዕልህ በካላንደር፣ በቲሸርትና በምግብ ዝርዝሩ ሽፋን ላይ ወጥቶ ብታየው የምትከራከርበት መሠረት ይጠብብሃል። ሠርተህ ያስቀመጥከውን ሥዕል ስትሸጥ ግን ሸራውን ነው የሸጥከው፤ የማባዛት መብቱ በጽሑፍ ካላስተላለፍክ አንተው ጋ ይቀራል።

ስለዚህ ለሆቴሉ አንድ ገጽ ውል ይዘህ ሂድ። የሥዕሎቹ ብዛትና መጠን፣ የምታስረክብበት ቀን፣ ንድፉን ስንት ጊዜ እንደምታሻሽል (ከሁለት አታስበልጥ፣ አለዚያ የባለቤቱ ወንድም፣ ሚስቱና ጓደኛው ሁሉ አስተያየት ይሰጣሉ)፣ የማባዛት መብቱ የአንተ እንደሆነ፣ ማባዛት ከፈለገ ለብቻው እንደሚከፍል። ግማሹን ቅድሚያ ተቀበል። ዋጋውን ደግሞ በስሜት አትጥራ፣ አካውንታንት አይደለህ እንዴ! የሸራና የቀለሙን ወጪ፣ የፍሬሙን፣ የትራንስፖርቱን ደምር፤ ጡረተኞቹን ስታነጋግር፣ አፈር ስትፈጭ ያለፈውን ቀን ሁሉ ቁጠር፤ ለአንድ ቀን ሥራህ ባንክ ቤት ሊከፈልህ ከሚችለው ያላነሰ አስብ፤ በላዩ ላይ ትርፍ ጨምር። የሚወጣው ቁጥር ያስደነግጥህ ይሆናል። እሱን እንጂ ያላስደነገጠህን አታቅርብ።

ባንኩን በተመለከተ ከአባትህ ጋር ነኝ፣ ተቆጣ አትቆጣ። ግባ። በአሁኑ ሰዓት ሥዕል ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልልህም፤ የተራበ ሰዓሊ ደግሞ ለገሀርን ፊት ለፊት እየሣለ በርካሽ ይሸጣል። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ለሥዕሉ ይበቃሉ። ከሥዕል የምታገኘው ለአንድ ዓመት ያህል በተከታታይ የደመወዝህን ግማሽ ሲደርስ ያኔ እንነጋገር።

አዲስ አበባ? ትምህርቱን ከፈለግክ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ጥሩ ምክንያት ነው፤ የመግቢያ ፈተናው የሥዕል ሥራ ያያል፣ ደብተርህን አዘጋጅ። ለገበያ ብቻ ብለህ ከሆነ ግን አሁን አትሂድ። የሚለይህ ነገር ያለው እዚህ ነው። መጀመሪያ እዚሁ፣ ለምሳሌ የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል ማዕከሉን አሊያንስን ጠይቀህ፣ የአፈር ቀለም ሥራዎችህን አሳይ።

ውሉን ረቂቅ አድርገህ ላክልኝ፣ አይልሃለሁ። ሆቴሉ ጋ ከመሄድህ በፊት ይሁን እንጂ፤ ከፈረምክ በኋላ ብትልክልኝ የማደርግልህ ነገር የለም።