ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ትንፋሼን የሚመረምሩት ምን ፈልገው ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ46 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሆዴ ይነፋል፣ ያጉረመርማል፤ አንዳንድ ቀን ቁርጠትና ተቅማጥ አለኝ። በዐቢይ ጾም ተሽሎኝ ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን ባሰብኝ። ጠዋት ማኪያቶ እጠጣለሁ። ሕመሙ ጨጓራ መስሎኝ ማታ ማታ ትኩስ ወተት እወስዳለሁ። አሜባም ሊሆን ይችላል ብዬ እህቴ ከአዲስ አበባ የላከችልኝን ሜትሮኒዳዞል ለሰባት ቀን ወስጄ ባለፈው ሳምንት ጨረስኩ። ሐኪሜ የላክቶስ የትንፋሽ ምርመራ አዝዞልኛል፤ ቀጠሮው ከ10 ቀን በኋላ ነው። የታመመው ሆዴ ሆኖ ሳለ ትንፋሼ ለምን ይመረመራል? እናቴ ያረፈችው በጨጓራ ካንሰር ነው። የደበቁኝ ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ይመስለኛል። ይህ ምርመራ ካንሰርን አይፈልግም፣ ሊያገኝም አይችልም። ሐኪምዎ ካንሰር ጠርጥሮ ቢሆን ኖሮ በካሜራ ጨጓራዎን ወደሚያዩበት ወደ ኢንዶስኮፒ ክፍል ይልክዎ ነበር። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ የተሸሸገ ነገር አይታየኝም።

የሚታየኝ ሌላ ነው። በጾም ተሽሎዎት በፋሲካ ባሰብዎት። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚወቅሰው ዶሮ ወጡንና ቅቤውን ነው። ንጥር ቅቤ ግን ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። ከጾሙ ጋር ሄዶ ከፋሲካው ጋር የተመለሰው ወተቱ ነው፤ የጠዋቱ ማኪያቶና የማታው ብርጭቆ።

ላክቶስን የሚፈጨው ትንሹ አንጀታችን የሚያመነጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ ይህ ኢንዛይም ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል፤ ይህ የተፈጥሮ ሂደት ነው፣ በሽታ አይባልም። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዝ ይፈጠራል፣ ውኃ ይሳባል። መነፋቱም፣ ማጉረምረሙም፣ ተቅማጡም ከዚህ ይመጣል። ከጋዞቹ አንዱ ሃይድሮጂን ነው። የሰው ሴል ሃይድሮጂን አይሠራም፤ የሚሠሩት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሳንባ ይሄድና በትንፋሽ ይወጣል። የሆድዎን ጉዳይ በትንፋሽዎ የሚጠይቁት ስለዚህ ነው።

አሁን ስለ ማታው ወተት። ይህን እምነት በየቀኑ እሰማዋለሁ። አንድ አዛውንት ታካሚዬ ወተት በፔርሙዝ ይዘው መጡ፤ ተራ ሲጠብቁ በክዳኑ እየቀዱ ይጎነጫሉ። ሆዳቸው ከወንበሩ ማዶ እስኪሰማ ያጉረመርማል። «ጨጓራዬን እያለሰለስኩት ነው» አሉኝ። ወተት ጨጓራን አይለብጥም፣ ቁስልንም አይሸፍንም። አሲዱን ለጥቂት ጊዜ ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያ በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያነሳሳል። ለግማሽ ሰዓት የሚሰማው እፎይታ እውነት ስለሆነ ነው እምነቱ የማይሞተው። ጥፋቱ የእናቶቻችን ብቻ አይደለም፤ የእኛ የሐኪሞችም ነው። የቺካጎው ሐኪም በርትራም ሲፒ እ.ኤ.አ. በ1915 ባስተዋወቀው ሕክምና የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው በየሰዓቱ ወተትና ክሬም እንዲጠጣ ይታዘዝ ነበር፤ ይህም ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ማርሻልና ዋረን፣ የአብዛኛው ቁስለት መነሻ ሄሊኮባክተር የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን የሚያሳየውን ግኝት አገኙ፤ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ባክቴሪያውን ወተት አይገድለውም። ላክቶስ የማይስማማው ሰው ደግሞ ሲያመው ወተት ይጠጣል፣ ወተቱ መልሶ ያሳምመዋል፣ ስላመመው እንደገና ይጠጣል። እርስዎም በዚህ አዙሪት ውስጥ ያሉ ይመስለኛል። የማታውን ብርጭቆ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት።

ወደ ሜትሮኒዳዞሉ ስመጣ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። ሰገራዎ ተመርምሯል? አልተመረመረም። አሜባ መሆኑን ማን ነገረዎት? ማንም። ሆድ በተነፋ ቁጥር ከሻንጣ የሚወጣ መድኃኒት አይደለም። ከዚህ ቀጠሮ አንጻር ሲታይ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ሜትሮኒዳዞል የሚመታው ያንን ሃይድሮጂን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ጭምር ነው። እነሱ ተዳክመው ምርመራው ቢደረግ ውጤቱ በሐሰት «ምንም የለም» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ እርስዎ «ወተቱ ካልሆነ ያ የፈራሁት ነው» ብለው መሸበርዎ አይቀርም። እንደ ሜትሮኒዳዞል ካለ አንቲባዮቲክ በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ነገ ጠዋት ክሊኒኩ ጋ ይደውሉ፤ የመድኃኒቱን ስምና የጨረሱበትን ቀን ነግረው ቀጠሮውን ያዛውሩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የሚጎዳው መደበቁ ነው።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። በዋዜማው ነጭ ሩዝ፣ ያለ ቅመም የተጠበሰ ዶሮ ወይም ዓሣ፣ እንቁላልና ውኃ ይበቃል። ሽሮ፣ ምስር፣ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬና ወተት ይቅሩ፤ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ናቸውና የመነሻውን ልኬት ከፍ ያደርጉታል። ከዚያ ከምርመራው በፊት እስከ 12 ሰዓታት ለሚደርስ ጊዜ ከምግብ መታቀብ ነው፤ ይህ ለእርስዎ አዲስ አይሆንም። በክፍሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ይተነፍሳሉ፣ 25 ግራም ላክቶስ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣሉ፤ ግማሽ ሊትር ያህል ወተት ውስጥ ያለው ስኳር ማለት ነው። ከዚያ ሦስት ሰዓት ያህል በየጊዜው እየተነፈሱ ይቀመጣሉ። በትንፋሽዎ ያለው ሃይድሮጂን ከመነሻው ልኬት ከሚሊዮን እጅ 20 እጅ (20 ppm) ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ስኳሩ እንዳልተፈጨ ያሳያል። ቁርጠት ሲጀምርዎ ወዲያው ይናገሩ፤ ስሜቱ ካልተመዘገበ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። የተዛወረው ቀን ከሰኔ ጾም ጋር ከተገናኘ፣ የሚጠጡት የወተት ስኳር ስለሆነ የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ። ለዋዜማው ሩዝ በጨው ይበቃል።

ላክቶስ መሆኑ ቢረጋገጥ ወተት ዕድሜ ልክ ተከለከለ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው አንድ ብርጭቆ፣ 12 ግራም ያህል ላክቶስ፣ ከምግብ ጋር ያለ ችግር ይችላል። እርጎ ይቀላል። አይብ ደግሞ አብዛኛው ስኳር ከአጓቱ ጋር ስለሚወጣለት ብዙ አያስቸግርም። እዚያ አገር ላክቶስ የሌለው ወተት በየሱቁ አለ።

ስለ እናትዎ ሕመም ሐኪምዎ ያውቃል? ካላወቀ ይንገሩት፤ የሄሊኮባክተር ምርመራም ይጠይቁ። እሱም በትንፋሽ ይሠራል፣ ከዚህኛው ግን የተለየ ነው። በአሜሪካ ከ2021 ጀምሮ የትልቁ አንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከ45 ዓመት ጀምሮ ይመከራል። እርስዎ 46 ነዎት። ይህ ከሆድዎ መነፋት ጋር አይገናኝም፤ ግን ካላደረጉት ዘግይተዋል። ሳይፈልጉ ክብደት ከቀነሱ፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካዩ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎት የተዛወረውን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይታዩ። በደብዳቤዎ ውስጥ ከእነዚህ አንዱንም አላነበብኩም።