ጠይቁን፦ «አንድ ብር እንኳን አልጠየቁኝም፣ ምኔን ነው የሚበሉት?»

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ ካጣ ቆይቷል። አሁን ባንኮክ፣ ታይላንድ የደንበኞች አገልግሎት ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ ሻንጣ እያዘጋጀ ነው። በቴሌግራም ኢንተርቪው አድርገውታል፣ የእንግሊዝኛና የታይፒንግ ፈተና ሰጥተውታል፣ ቲኬቱንም ራሳቸው ይቆርጡለታል። ያገናኘው ቀድሞት የሄደ የግቢ ጓደኛው ነው። እኔ ግን ልቤ አላመነም። ስነግረው «አንድ ብር እንኳን አልጠየቁኝም፣ ምኔን ነው የሚበሉት?» ይለኛል። ምን ልበለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ ልክ ነው። ወንድምሽ ሌባ ሁሉ አስቀድሞ ብር የሚጠይቅ ይመስለዋል። እነዚህኞቹ ብሩን አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት እሱኑ ነው።

መንገዱ የታወቀ ነው። ልጁ ባንኮክ ያርፋል፣ በመኪና ይቀበሉታል፣ ወደ ቢሮ የሚሄድ መስሎት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሜ ሶት የምትባል የድንበር ከተማ ይደርሳል፣ ከዚያ ወንዝ ያሻግሩትና ማይናማር ውስጥ ሚያዋዲ አካባቢ፣ የታጠቁ ሰዎች የሚጠብቁት ግቢ ውስጥ ይገባል። ሥራው በሐሰተኛ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሰው አጥምዶ፣ በክሪፕቶ (በዲጂታል ገንዘብ) ስም ገንዘቡን መዝረፍ ነው። እምቢ ያለ ይደበደባል። ቤተሰቡም ማስለቀቂያ ዶላር ይጠየቃል። እንግሊዝኛውና ታይፒንጉ የተፈተነው ለዚሁ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩ 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ! ይህችን ቁጥር አንብቢለት።

ከሁሉ የሚከብደው የጓደኛው ነገር ነው። እዚያ የታገቱ ልጆች ሌላ ሰው እንዲያመጡ ይገደዳሉ። ስለዚህ ጓደኛው ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት እየጻፈ ያለው አጠገቡ ሰው ቆሞበት ይሆናል። ወንድምሽ ሳያስጠነቅቅ በቪዲዮ ይደውልለትና «እስቲ ወጣ በልና ሰፈሩን አሳየኝ» ይበለው። ዛሬ ኔትወርክ የለም፣ ነገ ሥራ በዝቶብኛል፣ ካሜራው ተበላሽቷል እያለ ቀን ከቆጠረ መልሱ ያው ነው። ብቻ ቻት ላይ «ታግተሃል ወይ?» ብሎ እንዳይጽፍ። ስልኩን ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል፣ ጣጣው ለልጁ ይተርፋል።

ቀጥሎ ቪዛው። ታይላንድ ውስጥ በሕግ የሚሠራ የውጭ ሰው የሥራ ቪዛና የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። «በቱሪስት ግባ፣ እዚህ እናስተካክለዋለን» ካሉት ነገሩ እዚያው አለቀ። ቢሯችን እዚህ ሕንፃ ላይ ነው ካሉም፣ እነሱ በሰጡት ቁጥር ሳይሆን የሕንፃውን አስተዳደር ስልክ ራሱ ፈልጎ ይደውል።

አልሰማም ብሎ ከሄደ (ወጣት ነው፣ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን) የታይላንድ ቱሪስት ፖሊስ 1155 ነው፣ ስልኩ ላይ ይመዝግበው። መኪናው ከከተማ ወጥቶ ለሰዓታት ከተጓዘ፣ ሻንጣውን ትቶም ቢሆን ነዳጅ ማደያ ላይ ይውረድ።

ጥያቄ፦ አንድ ደላላ ሳዑዲ ሊልከኝ ለቪዛና ለቲኬት 60 ሺህ ብር በቴሌብር ላኪ ብሎኛል። ከኤጀንሲ ጋር ነው የምሠራው ይላል። ልላክለት? (ከደሴ)

መልስ፦ አትላኪ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ መሠረት የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ አንቺ የምትሸፍኚው እንደ ፓስፖርት ያሉ የራስሽን ወጪዎች ነው። የኤጀንሲውን ሙሉ ስም ተቀበዪውና ፈቃድ እንዳለው የከተማሽ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አጣሪ። ስሙን ለመንገር ካቅማማ ኤጀንሲ የለውም። በሕጋዊው መንገድ ከመሄድሽ በፊት ሥልጠና ትወስጃለሽ፣ ውልሽም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይጸድቃል፤ ይህን ሁሉ «እኔ እጨርስልሻለሁ» የሚል ሰው ምኑንም አይጨርስም። ፓስፖርትሽን ሰጥተሽው ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ብቻሽን ሳይሆን ሰው ይዘሽ ሄደሽ ተቀበዪው።