ጥላሸቱ ከየት መጣ? ስለ ጋዝ በርነር ከአንባብያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም ለመልስ የመረጥናቸው ደብዳቤዎች የተለያየ ሙያ ካላቸው አንባብያን የመጡ ቢሆኑም፣ የሚጠይቁት ስለ አንድ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ይኸውም ጋዝንና አየርን ቀላቅሎ የሚያነድ፣ ነበልባሉም እንደ ሥራው የሚስተካከል በርነር ነው። የደብዳቤዎቹን ቃል አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለቤተ ሙከራችን ከውጭ አገር በእርዳታ የተላኩ ቡንሰን በርነሮችን ከቡታጋዝ ሲሊንደር ጋር አገናኝተን ብንለኩሳቸው፣ የአየር ቀዳዳቸው እስከ መጨረሻው ተከፍቶም ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ይረዝማል፤ የምናሞቃቸውን ብልቃጦችም በጥላሸት ያጠቁራቸዋል። ባልደረቦቼ ምክንያቱ የከተማችን ከፍታ ነው ይላሉ። እውነት ነውን? (መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ከፍታው በነገሩ ውስጥ ጥቂት ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ጥፋተኛ እርሱ አይደለም። የበርነሩን ቀጥ ያለ ቱቦ ከመቀመጫው ላይ ፈትተው ቢያነሡት፣ ባለሙያዎች ኖዝል የሚሏትን በጣም ጠባብ ቀዳዳ ያላት የናስ አፍንጫ ያገኛሉ። ጋዙ በዚህች ቀዳዳ ሲያልፍ ፍጥነቱ ስለሚጨምር፣ በዙሪያው ያለውን አየር በቱቦው ግርጌ በሚገኙት ቀዳዳዎች በኩል እየሳበ ይዞት ይወጣል፤ ሁለቱም በቱቦው ውስጥ ተቀላቅለው አፉ ላይ ሲደርሱ ይነዳሉ። የአየሩን ቀለበት ስናዞር የምንቆጣጠረው እንግዲህ ጋዙን ሳይሆን ጋዙ ስቦ የሚያስገባውን አየር ነው። አየር ባነሰው ጊዜ በጋዙ ውስጥ ያለው ካርቦን ወዲያው ሳይቃጠል ደቃቅ ጥላሸት ሆኖ ይግላል፤ የቢጫው ነበልባል ብርሃንም ከዚህ ከጋለው ጥላሸት የሚመጣ ነው። ቀዝቃዛ ብልቃጥ ሲነካው ጥላሸቱ ተቃጥሎ ሳያልቅ እዚያው ይለጠፋል።

በእርዳታ የሚመጡ በርነሮች ብዙዎቹ የተሠሩት በከተማ ቧንቧ ለሚታደል የተፈጥሮ ጋዝ ሲሆን፣ ይህ ጋዝ በአመዛኙ ሚቴን ነው። አንድ ሊትር ሚቴን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 9.5 ሊትር ያህል አየር ይበቃዋል። ቡታጋዝ ግን ፕሮፔን፣ ቡቴን ወይም የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ አንድ ሊትር ፕሮፔን ወደ 24 ሊትር፣ አንድ ሊትር ቡቴን ደግሞ ወደ 31 ሊትር አየር ይፈልጋል። ለሚቴን ተብሎ ሰፋ አድርጎ በተበሳ ኖዝል ቡታጋዝ ሲለቀቅበት፣ ነዳጁ ከልክ በላይ ስለሚበዛ ቀለበቱ ምንም ያህል ቢከፈት የሚገባው አየር አይመጥነውም። በርነሮችዎ የደረሰባቸው ይህ ይመስለናል።

መፍትሔው በርነሩን መጣል ሳይሆን ኖዝሉን ብቻ ጠባብ ቀዳዳ ባለው መለወጥ ነው። ለየትኛው ጋዝ እንደተሠራ አንዳንዴ በመቀመጫው ወይም በኖዝሉ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ አስቀድመው ይመልከቱ፤ ብዙ አምራቾችም ለዚያው በርነር የሚገጥም የቡታጋዝ ኖዝል ለብቻው ይሸጣሉ። ነባሩን ቀዳዳ ደፍኖ እንደገና በቀጭን መሰርሰሪያ መብሳት በየጋራዡ የሚሞከር መላ ቢሆንም እኛ አንመክረውም። ከመሐል ጥቂት ያዘነበለ ቀዳዳ ጋዙን ከቱቦው ግድግዳ ጋር ያጋጨውና አየር የመሳብ ኃይሉን ያሳጣዋል፤ ውጤቱም ተመልሶ ያው ቢጫ ነበልባል ይሆናል። ትክክለኛው ኖዝል እስኪገኝ ድረስ በአልኮል መብራት ቢሠሩ ይሻላል፤ ቢጫ ነበልባል ብልቃጥ ከማጥቆሩም በላይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያከማች ይችላል።

ስለ ከፍታው ያነሡት ነጥብም መልስ ይገባዋል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠመው የግፊት መቆጣጠሪያ (ሬጉሌተር) የጋዙን ግፊት የሚወስነው በአካባቢው ካለው የአየር ግፊት በላይ በተወሰነ መጠን አድርጎ ስለሆነ፣ ከኖዝሉ የሚወጣው ጋዝም እንደ አየሩ ይሳሳል፤ ስለዚህ የሁለቱ ምጣኔ ብዙ አይዛባም። የሚቀንሰው ጠቅላላው ሙቀት ነው፤ ቅናሹም ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ይገመታል። ተማሪዎችዎ ግን ሌላ ነገር ማስተዋላቸው አይቀርም፤ በደሴ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ቴርሞሜትሩ 100 አለመድረሱ የበርነሩ ድካም ሊመስላቸው ይችላል። ይህንን አስቀድሞ ማስረዳት ያላግባብ ከሚወቀስ በርነር ያድናል።

ደብዳቤዎ ያላነሣው፣ ከጥላሸቱም ይልቅ የሚያሳስበን አንድ ነገር አለ። ከላቦራቶሪ ዕቃዎች ጋር የሚመጣው ለስላሳ የተፈጥሮ ጎማ ቱቦ ለቡታጋዝ አይሆንም፤ ጋዙ ጎማውን እያደር ያበላሸዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ለቡታጋዝ ተብሎ የተሠራ ቱቦ ይግዙ፣ ሁለቱንም ጫፎች በማጥበቂያ ቀለበት ይሰሩ፤ መፍሰሱንም ሁልጊዜ በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይፈትሹ። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ መስኮት ከመክፈት በተጨማሪ ከበሩ በታች መውጫ ክፍተት መኖሩን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ በኮሌጃችን ቤተ ሙከራ ካሉት በርነሮች አንዱ ገና ሲለኮስ ድምፅ ያሰማና ነበልባሉ ከአፉ ጠፍቶ ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ ቱቦውም እጅ እስኪያቃጥል ድረስ ይግላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? (የቤተ ሙከራ ረዳት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እሳት ባልተቃጠለ ቅልቅል ውስጥ ወደ ኋላ የሚጓዝበት የራሱ ፍጥነት አለው። ቅልቅሉ ከቱቦው የሚወጣበት ፍጥነት ከዚህ ካነሰ ነበልባሉ ወደ ውስጥ ይመለስና ኖዝሉ ላይ ይነዳል፤ በጣም ከበለጠው ደግሞ ከአፉ ተነሥቶ ይጠፋል። ስለዚህ ሲለኩሱ የአየሩን ቀለበት ዘግተው፣ ጋዙን በበቂ መጠን ከፍተው ይጀምሩ፤ አየሩን የሚከፍቱት ነበልባሉ ከተረጋጋ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ነበልባሉ አንዴ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ወዲያው ጋዙን ዘግተው ቱቦው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ትኩስ ቱቦ እንደገና ቢለኮስ ጥፋቱ ይደገማል። አንዱ በርነር ብቻ ይህንን የሚያደርግ ከሆነ ኖዝሉ በቆሻሻ ተደፍኖ የጋዙ ፍሰት ሳይቀንስ አልቀረም።

ይህ ችግር ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሮበርት ቡንሰን እ.ኤ.አ. በ1852 ወደ ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በተዛወረበት ዘመን ከተማዋ መንገዶቿን ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ (የከሰል ጋዝ) ለማብራት ቧንቧ ትዘረጋ ነበር፤ እርሱም ለአዲሱ ቤተ ሙከራው ከዚሁ ጋዝ ብርሃን ሳይሆን ሙቀት የሚሰጥ፣ ጥላሸት የሌለው ነበልባል ፈለገ። ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ ተመሳሳይ ሐሳብ ሞክሮ ነበር፤ የቡንሰንን ሐሳብ ወደ ሥራ የለወጠው ደግሞ የዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ሠሪ ፒተር ዴሳጋ ነው። በእኛ አስተያየት በርነሩ በዴሳጋም ስም ቢጠራ ተገቢ ነበር። የከሰል ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሃይድሮጅን ሲሆን፣ ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ እሳትን ከሚቴን ብዙ ጊዜ በበለጠ ፍጥነት ያስተላልፋል፤ በዚህ ምክንያት በዚያ ዘመን ነበልባል ወደ ውስጥ መመለሱ የዕለት ተዕለት ገጠመኝ ነበር። በኋላ የመጣው ሜኬር በርነር አፉን በብረት ፍርግርግ የሸፈነው በከፊል ለዚሁ ነው፤ ብረቱ ሙቀቱን ስለሚነጥቀው እሳቱ አልፎ መመለስ አይችልም። ሥራችሁ ሰፊና እኩል የጋለ ነበልባል የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ በሸክላ ጽዋ ውስጥ አመድ ማውጣት ከሆነ፣ ሜኬር ከቡንሰን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ የብር ጌጣጌጥ ሠሪ ነኝ። አሮጌ የአንገት መስቀሎችን በጋዝ ቶርች ስጠግን አንዳንዶቹ ምንም ያህል ብጠነቀቅ መጋጠሚያው ሳይያያዝ ጠርዛቸው ይቀልጣል። አዲስ ብር ላይ ይህ አይደርስብኝም። ቶርቹን ልለውጥ? (ብር ሠሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቶርቹን ከመለወጥዎ በፊት ብሩ ምን እንደሆነ ይጠይቁ። አሮጌ መስቀሎች ብዙዎቹ የተሠሩት ጠገራ ብር ቀልጦ ነው። እ.ኤ.አ. የ1780 ምልክት ያለበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ከሺህ እጅ 833 ያህሉ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ፣ መዳብ ደግሞ በ1,085 ዲግሪ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ከሁለቱም ባነሰ ሙቀት መቅለጥ ይጀምራሉ። መዳቡ ይህን ያህል በበዛበት ብር ውስጥ የመጀመሪያው ፈሳሽ የሚታየው በ779 ዲግሪ ነው። ከሺህ 925 እጅ ብር ያለው አዲሱ ብር ግን እስከ 800 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል። ከባዱ የብር መበየጃ የሚፈስሰው ከ745 እስከ 780 ዲግሪ ባለው መካከል ስለሆነ፣ በጠገራ ብር ላይ መበየጃው ሲፈስስና መስቀሉ ራሱ ሲቀልጥ በመካከላቸው የሚቀረው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም።

ስለዚህ ለአሮጌ ብር ከ720 ዲግሪ በታች የሚፈስሰውን ቀላል መበየጃ ይጠቀሙ። ሲገዙ ካድሚየም የሌለበት መሆኑን ያረጋግጡ፤ በቀድሞዎቹ ቀላል መበየጃዎች ውስጥ ካድሚየም ይጨመር ነበር፣ ጢሱም ለሳንባ እጅግ አደገኛ ነው። ቦራክስም ብቻውን በሚገባ የሚፈስሰው 740 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ መበየጃ ይዘገያል፤ ለዝቅተኛ ሙቀት የተዘጋጀ ፍላክስ፣ ማለትም መጋጠሚያውን ከኦክሳይድ የሚያጸዳ የመበየጃ ረዳት፣ ይሻላል፣ መስኮት ግን ይክፈቱ።

የነበልባሉ አያያዝም ከመበየጃው ያላነሰ ቁም ነገር ነው። ከቶርቹ አፍ የሚወጣው ነበልባል ውስጡ ደማቅ ሰማያዊ ሾጣጣ አለው፤ በዚህ ሾጣጣ ውስጥ ያለው ገና ያልተቃጠለ ቅልቅል ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው፤ እጅግ የሚግለው ከጫፉ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ነው። ብር ከብረታ ብረት ሁሉ ይበልጥ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ መጋጠሚያው ላይ ብቻ ቢያነጣጥሩ ሙቀቱ ወደ ቀሪው አካል ይሸሻል፤ ቀጭኑ ጠርዝ ግን የሚሸሽበት ስለሌለው ቀድሞ ይቀልጣል። ስለዚህ ሰፋ ባለና ለስለስ ባለ ነበልባል መላውን መስቀል በዙሪያው እያንቀሳቀሱ ያሙቁ፣ ከወፍራሙ ክፍል ይጀምሩ፣ መጋጠሚያው ላይ የሚደርሱት በመጨረሻ ነው። አየሩን ጥቂት ቀነስ አድርገው ነበልባሉን ጋዝ ያመዘነበት ቢያደርጉትም በብሩ ውስጥ ያለው መዳብ በኦክሲጅን ተቃጥሎ ጥቁር ቆዳ እንዳያወጣ ይረዳል። አባቶች በወናፍና በከሰል ሲሠሩ ቁራጩን በከሰሉ ውስጥ መቅበራቸው ይህንኑ ጥቅም ይሰጣቸው ነበር፤ ዛሬም የከሰል ማስቀመጫ ላይ ቢሠሩ ከጡብ ይሻልዎታል። ኦክሲጅን የሚጨመርበት ቶርች ፕላቲነም ለሚያቀልጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ለእርስዎ ሥራ አደጋው ከጥቅሙ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ። በትንሽ የጋዝ ጣሳ ላይ የሚገጠመው የእጅ ቶርች ጠዋት ጠዋት ኃይል ያጣል፤ ቀን ግን ደህና ነው። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በጣሳው ውስጥ ያለው ቡቴን ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ብርዱ ነው። ቡቴን በባሕር ወለል ግፊት የሚተንነው ከዜሮ ዲግሪ በታች ግማሽ ዲግሪ ያህል ላይ ሲሆን ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ነው። የከተማዎ ከፍታ ቡቴን ይበልጥ በቀላሉ እንዲተን ቢረዳውም፣ ጋዙ ሲተን ጣሳውን ይብሱኑ ስለሚያቀዘቅዘው ግፊቱ በሥራ መሐል ይወድቃል። ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ጣሳ ይግዙ። ጣሳውን በእሳት ማሞቅ ወይም በሞቀ ውኃ መንከር ሊያፈነዳው ስለሚችል ፈጽሞ አይሞክሩት፤ ሌሊቱን በክፍል ውስጥ ማሳደር ይበቃል። ገልብጠው ከያዙትም ፈሳሹ ራሱ ይወጣና ነበልባሉ ይገነፍላል። መዳብን ከመዳብ ጋር በፎስፎረስ መዳብ ዘንግ ሲበይዱ ፍላክስ አያስፈልግዎትም፤ ያው ዘንግ ግን ከብረት ቱቦ ጋር አይስማማም፤ መጋጠሚያው ተሰባሪ ይሆናል። ቶርቹን ከመለኮስዎ በፊት ማቀዝቀዣው በየትኛው ጋዝ እንደሚሠራ መለያውን ያንብቡ፦ አር 600ኤ ከተባለ እርሱ ራሱ የቡቴን ወንድም የሆነ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሆነ፣ ከቱቦው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ክፍሉም እስኪናፈስ ድረስ ክብሪት አይጫሩ።