ቀስቷ ብቻዋን ትሮጣለች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማራኪ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ የጥሪ ካርድ፣ የተማሪዎች ጥናት እጽፋለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ የላፕቶፔ ከርሰር እንዳሻው ይሆናል። ጣቴን ታችፓዱ ላይ ሳሳርፍ ቀስቷ ትንቀጠቀጣለች፣ ጥግ ሄዳ ትለጠፋለች፣ አንዳንዴም ያላዘዝኳትን ፋይል ትከፍታለች። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። «ቫይረስ ነው» ብለው ፎርማት አደረጉትና 600 ብር ከፈልኩ። እዚያ ሲሞከር ደህና ነበር። ሱቄ ሳመጣው ያው ነው። የባሰው ደግሞ፣ ስጽፍ ቃሉ ሄዶ ሌላ መስመር ውስጥ ይገባብኛል። ባለፈው የሙሽራዋ አባት ስም ከምሳ ሰዓቱ ጋር ተቀላቅሎ 100 የጥሪ ካርድ ታተመ። ጎረቤቴ «ዓይን ነው፣ ጠበል እርጪበት» አለችኝ። ጥር ሳይገባ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጠበሉ ልጀምር። ጠበል ለሰው ነው። ላፕቶፕ ላይ አንድ ጠብታ እንኳ እንዳታደርጊ። ጎረቤትሽ ክፉ አላሰበችም፤ ግን በኪቦርዱ ሥር የገባ ውኃ ከርሰር ከማስዘለል አልፎ ማዘርቦርዱን ይዞት ይሄዳል። ያን ጊዜ 600 ብር ናፍቆት ይሆንብሻል።

ሁለተኛ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። «እዚያ ደህና ነበር፣ ሱቄ ሳመጣው ያው ነው» ብለሻል። ቫይረስ ቤት አይመርጥም።

እኔ ሰው ከርሰር ዘለለብኝ ሲለኝ «ምን ሆነ?» አልለውም፤ «መቼ?» ነው የምለው። ቻርጀር ሲሰካ ነው ወይስ በባትሪም? ጣት ሲያርፍበት ነው ወይስ ማንም ሳይነካውም? አንቺን ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጨምርልሽ፦ መብራት ሲጠፋ ቀስቷ ጨዋ ትሆናለች? አስተውለሽ ካላወቅሽ መብራት እስኪጠፋ አትጠብቂ፤ ቻርጀሩን ንቀይና አሥር ደቂቃ በባትሪ ሥሪ። ደብዳቤሽን ሳነበው ጸጥ እንደምትልልሽ ይሰማኛል። ጸጥ ካለች ላፕቶፕሽ ጤነኛ ነው። የታመመው ሶኬቱ ወይም ቻርጀሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታችፓድ ጣትሽን በክብደት አይደለም የሚያውቀው። ከሥሩ እንደ ወንፊት የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። እያንዳንዱ ጥቂት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል። የሰው ገላ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ጣትሽ ሲጠጋ ያ ቻርጅ በጥቂቱ ይለወጣል። አንዲት ቺፕ ለውጡ የት ቦታ እንደሆነ አስልታ ቀስቷን ትወስዳታለች። የምትለካው በጣም ጥቂት ነገር ነው። አጠገቧ ሌላ የኤሌክትሪክ ረብሻ ካለ የጣትሽን እንቅስቃሴ ከረብሻው መለየት ያቅታታል።

ረብሻው ከቻርጀሩ ይመጣል። ቻርጀር ከግድግዳ 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 19 ወይም 20 ቮልት ያወርዳል። ሲያወርድ እጅግ ጥቂት ከረንት ወደ ላፕቶፑ ገላ ይሾልካል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ባለ ሦስት እግር ቻርጀር ሲሆን ያ የሾለከው በኧርዙ፣ ማለትም ከመሬት ጋር በሚያገናኘው ሦስተኛ ገመድ በኩል፣ ወደ መሬት እንዲወርድ ታስቦ ነው የተሠራው። ኧርዝ ከሌለ ግን መሄጃ አጥቶ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል። ላፕቶፕሽ ብረት ለበስ ከሆነ ቻርጀሩ እንደተሰካ የእጅሽን ጀርባ ቀስ አድርገሽ አሳልፊበት። ነዘር ነዘር ያደርግሻል። ጠንከር ብሎ ከመታሽ ግን ቻርጀሩን ንቀይና መልሰሽ አትስኪው።

ይህን ያወቅሁት ተዋርጄ ነው። ከዓመታት በፊት ፒያሳ፣ ጣሊያን ጊዜ በተሠራ ቤት ውስጥ ነበር የምጠግነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ክረምት ከበጋ የሚቀዘቅዝ ቤት። አንድ ደንበኛ ልክ ያንቺን ዓይነት ላፕቶፕ አመጣ። ታችፓዱን ቀየርኩት፣ ዘለለ። ሪባን ገመዱን ቀየርኩት፣ ዘለለ። ደንበኛው ተናዶ ቤቱ ወሰደው። በማግሥቱ ደወለና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዳነ» አለኝ። ምኑን እንዳዳንኩት ስላላወቅሁ ልየው ብዬ አስመጣሁት። እኔ ጠረጴዛ ላይ እንደተሰካ እንደገና ዘለለ! በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት ሄደ። ሻማ ለኩሼ ስመለስ ቀስቷ እንደ ቄስ ተማሪ ሥርዓት ይዛ ተቀምጣለች። መብራት መጣ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ቆጣሪውን አጥፍቼ ሶኬቱን ፈታሁት። በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት አሮጌ ገመዶች ብቻ ናቸው ያሉት። የኧርዙ ብሎን ዕድሜውን ሙሉ ገመድ አስሮ አያውቅም። የሸረሪት ድር ነበረው። ለደንበኛው ገንዘቡን መለስኩ።

አሁን ወዳንቺ ሱቅ። የቻርጀርሽን ገመድ እዪው። ወደ ቻርጀሩ የሚገባው ጫፍ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ካለው ኧርዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ሦስት ካለው ጥሩ ነው፤ ግን ተከተዪው። የተሰካው ዲቫይደር ላይ ከሆነ ብዙዎቹ ርካሽ ዲቫይደሮች ውስጣቸው ሁለት ገመድ ነው፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ጌጥ ነው። በመካከል ሦስት እግሩን ወደ ሁለት የሚቀይር መሰኪያ ካስገባሽ ኧርዙ እዚያው ተቆርጧል። ፎቶ ኮፒ ማሽንሽም እዚያው ዲቫይደር ላይ ከሆነ ረብሻው ይብሳልና ለየብቻ አድርጊያቸው። ይህን ሁሉ አይተሽ መጀመሪያ ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ስኪ። ካልተሻለ የመብራት ሠራተኛ ጠርተሽ «ኧርዝ ለካልኝ» በይው። ቢጫና አረንጓዴው ገመድ ነው። ከሌለ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ ያወጣልሻል። የኛ መሬት ድንጋይ ይበዛዋል፣ በበጋ ደግሞ ይደርቃል፤ ስለዚህ ቀብሮ ብቻ እንዳይሄድ፣ ከቀበረ በኋላም ይለካ። አንድ ነገር አደራ፦ «ከኑል (ከመብራቱ መመለሻ ገመድ) ጋር ላገናኝልሽ» ወይም «ከውኃ ቧንቧ ጋር ልሰረው» የሚል ቢመጣ አሰናብቺው። ቀስቷ ጸጥ ትል ይሆናል፤ ግን አንድ ቀን ላፕቶፑን ወይም ቧንቧውን የነካ ሰው ይመታል።

ቻርጀርሽ ፎርጅድ ከሆነ ደግሞ ኧርዝም አያድነው። ካንቺው ዓይነት ላፕቶፕ ካለው ሰው ኦርጅናል ቻርጀር ለአንድ ሰዓት ተውሰሽ ሞክሪ። መዋስ ከመግዛት ይቀድማል።

የሠርጉ ካርድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ያ ጥገና ቤት ብቻ ሳይሆን አንቺም ተሳስተሻል። ከርሰር የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛዋ ቀስቷ ናት። ሁለተኛዋ ፊደል የምትገባበት ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት ናት። የሙሽራዋን አባት ከምሳው ጋር የቀላቀለችው ጭረቷ ናት። ጥፋቱም የሶኬት አይደለም፤ የመዳፍሽ ነው። እንዳንቺ ቶሎ ቶሎ የሚጽፍ ሰው የአውራ ጣቱ ሥር ታችፓዱን ይነካካል። ታችፓዱ ክሊክ አደረገች ይላል። ቀስቷ የቆመችበት መስመር ላይ ጭረቷ ትዘልና ቀጣዩ ቃል እዚያ ይገባል። አንቺ ወረቀቱን እንጂ ስክሪኑን አታዪም።

መድኃኒቱ ነጻ ነው። ማውስ አለሽ ብዬ ልገምት። ሴቲንግ ክፈቺ፣ በዊንዶውስ 11 ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ የሚለውን፣ በ10 ደግሞ ዲቫይስስ የሚለውን፣ ከዚያ ታችፓድ። ማውስ ሲሰካም ታችፓዱ ይሥራ የሚል ሳጥን ላይ ምልክት አለ፤ አጥፊው። ማውስ ከሌለሽ እዚያው ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ሎው ላይ አድርጊው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ እነዚህ ምርጫዎች አይታዩም፤ ያን ጊዜ ኤፍኤን ከሚለው ቁልፍ ጋር ታችፓድ የተሳለበትን ቁልፍ ተጫኚ፣ ይጠፋል።

«ያላዘዝኳትን ፋይል ትከፍታለች» ያልሽው አሳስቦሽ ከሆነ፣ ሰው ከሩቅ እየገባብሽ መሆን አለመሆኑን ዋይፋይና ዳታውን አጥፍተሽ እዪ። ኢንተርኔት ተቆርጦም የምትዘል ከሆነ የሚነዳት ሰው የለም። ደግሞም ሌባ ቀስቷን አያንቀጠቅጥም፤ ቀጥ ብሎ ወደሚፈልገው ነው የሚሄደው። ስክሪንሽ የሚነካ ዓይነት ከሆነ ግን እሱም ይጠረጠራል። ደረቅ ጥጥ ጨርቅ ይዘሽ ጥረጊው፤ ቡና ጠብ ብሎበት ሊሆን ይችላል። ቆሎ እየበሉ መጻፍም ለታችፓድ አይስማማውም፤ ዘይትና ጨው ጣት ላይ ይቀራል።

ለጥር እንዲደርስልሽ፦ ኧርዙ እስኪሠራ ድረስ ምሳ ስትበዪ ቻርጅ አድርጊ፣ በባትሪ ጻፊ። ካርዱንም ከማተምሽ በፊት ለባለ ሠርጉ ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

ጥያቄ፦ ቴዎድሮስ ግቢ የምማር ተማሪ ነኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ነበር። ታችፓዱ በግራ በኩል ሳልነካው ክሊክ ያደርጋል፣ ቀስቷም ትደርቃለች። ጓደኞቼ ድራይቨሩ (ታችፓዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ነው አሉኝ። አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ አልተለወጠም። ኡቡንቱ የሚባል ሌላ ሲስተም ያለበት ፍላሽ አስገብቼ ብከፍተውም ያው ነው። ቻርጀር ብነቅልም ያው። ታችፓዱ ትንሽ ከፍ ያለ መስሎኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አሁኑኑ አጥፋው። ቻርጀሩንም ንቀል።

በፍላሽ መሞከርህን ወድጄልሃለሁ። ሌላ ሲስተምም ላይ ካደረገው ድራይቨር አይደለም ማለት ነው። ታችፓድ ከፍ ካለ ግን ከሥሩ የሚገፋው አለ። በብዙ ላፕቶፖች ባትሪው የሚተኛው እዚያው ሥር ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ፣ ሲሞቅ፣ ሁልጊዜ መቶ ከመቶ ሞልቶ ሲውል ውስጡ ጋዝ ይፈጥርና እንደ ኩፍ ያለ ሊጥ ያብጣል። ያበጠው ባትሪ ታችፓዱን ወደ ላይ ይገፋል፣ ታችፓዱም ክሊክ ተደረግሁ ይላል።

እኔ የማደርገው ሙከራ ይህ ነው። የተዘጋውን ላፕቶፕ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጥጉን በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ። ጤነኛው በአራቱ ጎማዎቹ ይዞ ይቆማል። ያበጠው በሆዱ ቆሞ እንደ እንዝርት ይሾራል።

ካበጠ ታችፓዱን ወደ ታች ለማስገባት አትጫነው። በመርፌ ማስተንፈስ የሚባል ነገር ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዳታስበው፣ ይቀጣጠላል። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ሥር፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታኑረው። በእጅህ ሳይሆን ባትሪ ደጋግሞ በቀየረ ባለሙያ ይውጣ። የወጣውንም ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣለው፤ የሰፈራችን ቆሻሻ ስንት ጊዜ እንደሚቃጠል ታውቃለህ። ብዙ ላፕቶፖች ባትሪያቸው ወጥቶም በቻርጀር ብቻ ይሠራሉ፤ አዲስ መግዣ እስክታጠራቅም ጥናትህን በዚያ ቀጥል። መብራት ሊጠፋ ይችላልና በየገጹ ሴቭ አድርግ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ልጆቼ ገመድ አልባ ማውስ ገዙልኝ። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አንዴ ይሄዳል፣ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይዘላል። ላፕቶፑ ነው ማውሱ?

መልስ፦ መምህር፣ በአገራችን ወግ አንቱ ልበልዎት። ሁለቱም አይመስሉኝም። ጠረጴዛዎ መስታወት ነው?

ማውሱ ከሆዱ በታች ትንሽ ካሜራ አለው። በሰከንድ ከሺህ በላይ ፎቶ እያነሣ የጠረጴዛውን ገጽታ ያነጻጽራል፤ በዚያ ነው መንቀሳቀሱን የሚያውቀው። መስታወት ላይ የሚያነጻጽረው ነገር አያገኝም። ሥሩ ወረቀት ያድርጉለት። ከዚያ ገልብጠው ዓይኑን ይዩት፤ አንዲት ፀጉር ወይም የጋቢ ክር ብትገባ ለማሳበድ ትበቃለች። ካልተሻለ ባትሪውን ይቀይሩ። ዩኤስቢ ላይ የምትሰካውን ትንሿን መቀበያ ደግሞ ከፍላሽና ከሃርድ ዲስክ አጠገብ አርቀው በሌላው ጎን ይሰኳት፤ የዩኤስቢ 3 ዕቃዎች የማውሱን ሞገድ ይረብሹታል።

ወረቀቱ የድሮ የፈተና ወረቀት ቢሆንም ይሠራል። አንቱ ጋ እንደማይጠፋ እገምታለሁ።